ብርቅነት በፋብሪካ፤ የቤዝቦል ካርድ ከሲጋራ ፓኮ እስከ «ሄሪቴጅ» ሳጥን

በአሜሪካ ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ የሚታተመው «ቶፕስ ሄሪቴጅ» የተባለው የቤዝቦል ካርድ፣ የዛሬን ተጫዋቾች ፎቶግራፍ ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት በነበረ የካርድ ንድፍ ውስጥ አስገብቶ የሚያቀርብ ምርት ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ለበርካታ ዓመታት የተለመደው የሄሪቴጅ ሳጥን 24 እሽጎች ሲኖሩት በእያንዳንዱ እሽግ 9 ካርዶች ስለሚገኙ፣ ሳጥኑን የከፈተ ሰው 216 ካርዶች ያገኛል። የካርዱ ፊት እንደ ዘመኑ ሌሎች ካርዶች አያብለጨልጭም፤ ጀርባው ሻከር ያለ ወረቀት ነው፤ እሽጉም በሰም የተነከረውን የድሮ መጠቅለያ መልክ እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል።

ከእነዚህ ካርዶች አብዛኞቹ ተራ ናቸው። ገዢው ሳጥኑን የሚከፍተው በተራዎቹ መካከል ተሸሽገው ስለሚገኙት ጥቂቶች ሲሆን፣ እነርሱም በተከታታይ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ተመድበው ሆን ተብሎ በአነስተኛ መጠን የታተሙት፣ የፊደል ወይም የቀለም ልዩነት የተደረገባቸው፣ ተጫዋቹ በእጁ የፈረመባቸው፣ ወይም ከማሊያው የተቆረጠ ጨርቅ የገባባቸው ናቸው። ከአንድ ሳጥን ፊርማ ወይም ጨርቅ ያለበት ካርድ ቢወጣ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው። የንግዱን ታሪክ ወደ ኋላ ሄዶ የመረመረ ሰው ግን ዛሬ በፋብሪካ ተለክቶ የሚሰፈረው ይህ ብርቅነት ቀደም ሲል በአብዛኛው ማንም ያላቀደው፣ ከቸልተኝነት፣ ከጠብ፣ ከማተሚያ ቤት ስህተትና ከወቅት ማለፍ የመጣ ነገር እንደነበር ይረዳል፤ የሄሪቴጅ ሳጥንም ከድሮው ካርድ የወረሰው ንድፉን ብቻ ሳይሆን አደጋዎቹን ጭምር ነው።

ቤዝቦል ዘጠኝ ዘጠኝ ተጫዋቾች ያሏቸው ሁለት ቡድኖች፣ አንዱ ኳስ ሲወረውርና ሲይዝ ሌላው በዱላ ሲመታ እየተፈራረቁ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ከእግር ኳስ በጉልህ የሚለይበት አንዱ ነገር፣ የወርዋሪውና የመቺው ፍልሚያ እያንዳንዱ ተነጥሎ የሚመዘገብ በመሆኑ የአንድ ተጫዋች የዓመት ሥራ በጠባብ ሠንጠረዥ ሊሰፍር መቻሉ ነው። ከእጅ መዳፍ ያነሰ ካርድ በፊቱ ምስል፣ በጀርባው ቁጥር ይዞ የአንድን ተጫዋች ታሪክ ሊናገር የቻለው ከዚህ የተነሣ ሲሆን፣ ካርዱ ከሌሎች ስፖርቶች ይልቅ በቤዝቦል ሥር የሰደደበትን ምክንያትም ከዚሁ መፈለግ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ግን ቁጥርም ሆነ ሰብሳቢ አልነበራቸውም። ፔክ ኤንድ ስናይደር የተባለው የኒው ዮርክ የስፖርት ዕቃ መደብር፣ ተጫዋቾቹን በይፋ በደመወዝ በመቅጠር የመጀመሪያ የሆነውን የ1869ኙን የሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ ቡድን ፎቶግራፍ በካርድ ላይ አውጥቶ ጀርባውን ለራሱ ማስታወቂያ ተጠቅሞበታል። ሥራው ከንግድ ማስታወቂያነት አላለፈም።

ካርዱን ወደ ሕዝብ ያወረደው ትምባሆ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲጋራ የሚሸጠው በቀላሉ በሚጨማደድ ለስላሳ የወረቀት ፓኮ ስለነበር፣ ሲጋራው እንዳይሰበር ከመካከሉ ጠንከር ያለ ወረቀት ይገባ ነበር፤ አምራቾቹም ይህ ድጋፍ ባዶ ከሚቀር ሥዕል ቢታተምበት ገዢው ወደ እነርሱ እንደሚመለስ አወቁ። በቨርጂኒያ ግዛት በሪችመንድ ከተማ የነበረው አለን ኤንድ ጊንተር በ1887 ካወጣቸው 50 የስፖርት ጀግኖች ካርዶች አሥሩ የቤዝቦል ተጫዋቾች ሲሆኑ፣ የኒው ዮርኩ ጉድዊን ኩባንያ ደግሞ ከ1886 እስከ 1890 «ኦልድ ጀጅ» በተባለው ሲጋራው ውስጥ ከ500 የሚበልጡ ተጫዋቾችን ፎቶግራፍ አሠራጭቷል። የኦልድ ጀጅ ፎቶግራፎች የተነሡት በስቱዲዮ ውስጥ ነው፤ የዘመኑ ካሜራ የሚንቀሳቀስ ነገር ማንሳት ስለማይችል ኳሷ በክር ከጣሪያ ተንጠልጥላ ተጫዋቹ ሊይዛት የተዘረጋ መስሎ ይቆም ነበር፤ ክሩም በብዙዎቹ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል። ስለዚህ የዛሬው ካርድ የጥንቱን በማስመሰሉ የሚነቅፉት ሰዎች፣ የጥንቱ ራሱ በማስመሰል እንደ ጀመረ ሊዘነጉ አይገባም።

ይህ የመጀመሪያ ዘመን የተዘጋው በተጫዋቾችም በሰብሳቢዎችም ሳይሆን በንግድ ውህደት ነው። በ1880ዎቹ የቦንሳክ ሲጋራ መጠቅለያ ማሽን ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ጄምስ ዱክ የተባለው ነጋዴ በ1890 አለን ኤንድ ጊንተርንና ጉድዊንን ጨምሮ አምስት ታላላቅ አምራቾችን በአሜሪካን ቶባኮ ኩባንያ ሥር አጠቃለለ፤ ተፎካካሪ ሲጠፋም ለገዢ ማባበያ ማተም ትርፍ ወጪ ስለሆነ ካርዱ እየጠፋ ሄደ። ከ1909 እስከ 1911 ግን ይኸው ኩባንያ ዛሬ «ቲ206» በሚል መለያ የሚታወቁትን፣ ነጭ ጠርዝ ያላቸውን 524 ዓይነት ባለቀለም ካርዶች በ16 የሲጋራ ዓይነቶች ውስጥ አሠራጨ። በ1911 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው የንግድ ውድድርን የሚያፍን ነው በማለት እንዲበታተን ወሰነ።

ከቲ206 ካርዶች ስሙ የገነነው የፒትስበርግ ፓይሬትስ ተጫዋች የነበረው የሆነስ ዋግነር ነው። ዋግነር ምስሉ ከሲጋራ ጋር እንዳይወጣ በመከልከሉ ማተሚያው ሥራውን ያቆመ ሲሆን፣ ወደ ገበያ የወጡት ከ200 እንደማይበልጡና ዛሬ የሚታወቁት 60 ገደማ እንደሆኑ ይገመታል። በሰፊው የሚነገረው ምክንያት ልጆች ካርዱን ፍለጋ ትምባሆ እንዳይገዙ በመስጋቱ ነው የሚለው ነው፤ ሌሎች ደግሞ ዋግነር ራሱ ትምባሆ ያኝክ እንደነበርና ስሙም በሲጋር ላይ ይሸጥ እንደነበር ጠቅሰው ጉዳዩ የክፍያ ነው ይላሉ። በ1912 «ስፖርቲንግ ኒውስ» ጋዜጣ እንደዘገበው፣ ፈቃዱን እንዲያስገኝ 10 ዶላር ቃል ለተገባለት የፒትስበርግ ጋዜጠኛ ዋግነር እንቢታውን ሲያስታውቅ፣ ጋዜጠኛው እንዳይጎዳ የ10 ዶላር ቼክ አብሮ ልኮለታል። ገንዘብ ብቻ የሚፈልግ ሰው እንዲህ አያደርግምና የመጀመሪያው ምክንያት ሚዛን ይደፋል። ያም ሆነ ይህ ካርዱን ብርቅ ያደረገው የአንድ ሰው እንቢታ እንጂ የአታሚው ብልሃት አልነበረም።

«ቲ206» የሚለው መለያ የወጣው ካርዶቹ ከታተሙ ከበርካታ ዓመታት በኋላ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት በሲራኪዩስ ከተማ በኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ የሚሠራው ጄፈርሰን በርዲክ ከ1939 ጀምሮ ባሳተመው ማውጫ የአገሩን የካርድ ዓይነቶች በፊደልና በቁጥር ሲመድብ፣ የ20ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የትምባሆ ካርዶች በ«ቲ» ፊደል ሥር አደረጋቸው። በርዲክ ባለጸጋ አልነበረም፤ ከባድ የመገጣጠሚያ ሕመምም ነበረበት፤ ሆኖም ከ300,000 በላይ የታተሙ ወረቀቶችን ሰብስቦ፣ ከእነርሱም ከ30,000 በላይ የቤዝቦል ካርዶችን፣ ለኒው ዮርኩ የሜትሮፖሊታን ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሰጠ። ለዓመታት በሙዚየሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ካርዶቹን በየመዝገባቸው ሲለጥፍ ቆይቶ ሥራውን በጥር 1963 ጨረሰና ከሁለት ወር በኋላ አረፈ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው፤ የካርድን ይዞታ መርምረው ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡት የዛሬዎቹ ድርጅቶች በካርድ ጀርባ ላይ ሙጫ ካገኙ ነጥቡን ክፉኛ ስለሚቀንሱ፣ የሙያው አባት የሚባለው ሰው ሥራ በእነርሱ ሚዛን ጉዳት ነው። ከእነዚህ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ፒኤስኤ በ1991 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያውን ነጥብ የሰጠው፣ የበረዶ ሆኪው ኮከብ ዌይን ግሬትስኪ ከሸሪኩ ጋር በዚያው ዓመት በ451,000 ዶላር ለገዛው የዋግነር ካርድ ነበር፤ ቀድሞ በእጁ ያለፈ አንድ ነጋዴም የካርዱን ጠርዝ መከርከሙን በ2013 በፍርድ ቤት አምኗል።

በ1930ዎቹ የትምባሆን ቦታ ማስቲካ ተረከበ፤ ካርዱም ከአዋቂው ኪስ ወደ ልጁ እጅ ተሻገረ። የቦስተኑ ጉዲ ኩባንያ በ1933 አንድ ማስቲካና አንድ ካርድ በአንድ ሳንቲም ሲሸጥ፣ እስከ 240 ቁጥር ከተሰጣቸው ካርዶቹ 106ኛው በገበያ ላይ አልነበረም። ልጆቹ የጎደለውን ፍለጋ ማስቲካ መግዛታቸውን ስለማያቋርጡ ነገሩ ሆን ተብሎ የተደረገ መሆኑን ለመጠርጠር በቂ ምክንያት አለ፤ ኩባንያውም በደብዳቤ ላማረሩት ብቻ በ1934 ናፕ ላጆይ የተባለውን የቀድሞ ተጫዋች በ106ኛ ቁጥር አትሞ ላከላቸው። ያ ካርድ ዛሬ ከዘመኑ ካርዶች ሁሉ እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ ነው። በዚህ ንግድ ውስጥ ብርቅነት በስሌት ሊገኝ እንደሚችል በግልጽ የታየው እዚህ ላይ ይመስላል፤ ትምህርቱን ግን ለረጅም ጊዜ የተጠቀመበት አልነበረም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የወረቀትና የጎማ እጥረት ንግዱን ካቋረጠው በኋላ፣ በ1948 የፊላዴልፊያው ቦውማን፣ በ1951 ደግሞ በ1938 በብሩክሊን የተቋቋመው የሾሪን ወንድማማቾች ማስቲካ ፋብሪካ ቶፕስ ወደ ገበያው ገቡ። ሳይ በርገር የተባለው የቶፕስ ባልደረባ ከሥራ ጓደኛው ከዉዲ ጌልማን ጋር ሆኖ በብሩክሊን ቤቱ በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የነደፈው የ1952ቱ ካርድ፣ የተጫዋቹን ባለቀለም ምስል፣ የቡድኑን አርማና የፊርማውን ቅጂ በፊቱ፣ የዓመቱንና የሙሉ ዘመኑን ውጤት በጀርባው ይዞ በመውጣቱ የኋለኞቹ ካርዶች ሁሉ መልክ በእርሱ ተቀረጸ። 407ቱ ካርዶች የታተሙት በየክፍሉ እየተከፋፈሉ ሲሆን፣ ከ311 እስከ 407 ያለው የመጨረሻው ክፍል ለገበያ የቀረበው የቤዝቦሉ ወቅት ሊያልቅ ሲቃረብና የልጆቹ ልብ ወደ አሜሪካ ፉትቦል ሲያዘነብል ስለነበር ብዙው ሳይሸጥ ቀረ። በርገር ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ለዓመታት መጋዘን ያጣበቡትን እነዚያን ሳጥኖች በ1960 በጀልባ ጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጥሏቸዋል። 311ኛው ካርድ የኒው ዮርክ ያንኪስ ኮከብ የሚኪ ማንትል ነበር። በነሐሴ 2022 አንድ በጥሩ ይዞታ የተገኘ የዚህ ካርድ ቅጂ በጨረታ 12.6 ሚሊዮን ዶላር ሲያወጣ፣ ማንትል በዚያ ክፍል ውስጥ ከአብዛኞቹ ጓደኞቹ በእጥፍ የታተመ በመሆኑ ዋጋውን የወሰነው የቁጥር ማነስ ብቻ ሳይሆን ስሙም ጭምር እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ቶፕስ በ1956 ቦውማንን ገዝቶ ገበያውን ለብቻው ከያዘ በኋላ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የሚገዳደረው አልነበረም። ተጫዋቾቹን ገና በታችኛው ሊግ ሳሉ በጥቂት ዶላር ያስፈርማቸውና ወደ ዋናው ሊግ ሲደርሱ በዓመት 125 ዶላር ይከፍላቸው ነበር፤ በ1966 የተጫዋቾች ማኅበር መሪ የሆነው ማርቪን ሚለር ግን አባላቱ ለቶፕስ ፎቶግራፍ አንነሣም እንዲሉ በማድረግ በ1968 ክፍያው እጥፍ እንዲሆንና ከሽያጩም ድርሻ እንዲኖራቸው አስገደደ። በዚያ ዘመን ካርዶች ላይ ባርኔጣ ያላደረጉ ተጫዋቾችና የቆዩ ፎቶግራፎች መብዛታቸው አንዱ ምክንያት ይኸው አድማ ነው። የፊላዴልፊያው ፍሊር ኩባንያ በ1975 ያቀረበው ክስ በ1980 ተፈርዶለት በ1981 ፍሊርና ዶንረስ የተባለው ሌላ ኩባንያ ገበያ ሲገቡ፣ በዚያው ዓመት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ሆኖም የቶፕስ ብቸኛ መብት ካርድን ከማስቲካ ጋር ስለመሸጥ ብቻ ነው ተብሎ ስለተተረጎመ፣ ፍሊር ካርዱን ከሚለጠፍ አርማ ጋር፣ ዶንረስ ደግሞ ከሥዕል መገጣጠሚያ ቁራጭ ጋር እያደረጉ መሸጣቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ካርዱ መጫወቻ ነበር። ልጆች ይለዋወጡበታል፤ ግድግዳ ላይ እየወረወሩ ይቋመሩበታል፤ ድምፅ እንዲሰጥ በብስክሌት ጎማ ሽቦ መካከል ይሰኩታል፤ ልጁ ሲያድግ ደግሞ እናት ቤት ስታጸዳ ትጥለዋለች። የድሮው ካርድ ዋጋ ያገኘው በአብዛኛው ከዚህ ጥፋት የተነሣ ነው። የ1950ዎቹ ልጆች በ1980ዎቹ ገንዘብ የያዙ ጎልማሶች ሆነው የጣሉትን መልሰው መግዛት ሲጀምሩና ዋጋውም ሲያሻቅብ፣ አዲሱ ትውልድ ከዚህ የተሳሳተ ትምህርት ወሰደ፤ ካርድ ዘወትር ዋጋው ይጨምራል ብሎ ያልተከፈተ ሳጥን ማከማቸት ያዘ። አታሚዎቹም የፍላጎቱን ያህል አተሙ። በ1989 አፐር ዴክ የተባለው አዲስ ኩባንያ በስውር ሊከፈት በማይችል ብልጭልጭ እሽግና ማጭበርበርን በሚከላከል ሆሎግራም ታጅቦ፣ ገና በዋናው ሊግ አንድ ጨዋታ ያልተጫወተውን ኬን ግሪፊ ጁኒየርን ቁጥር 1 አድርጎ ሲወጣ የእሽግ ዋጋ ወደ አንድ ዶላር ተጠጋ፤ ቶፕስም ከ1991 በኋላ ማስቲካውን ከእሽጉ አወጣ። ሁሉም ሰው ያስቀመጠው ነገር ግን ብርቅ ሊሆን አይችልም። በነሐሴ 1994 የተጀመረው የተጫዋቾች አድማ የዓመቱን የፍጻሜ ውድድር ሲያሰርዝና ሕዝቡ በጨዋታው ሲያዝን፣ ገበያው ተንኮታኮተ።

የአሮጌ ንድፍ መመለስ መታየት ያለበት ከዚህ ውድቀት አንጻር ነው። ቶፕስ በ2001 የካርዱን ሃምሳኛ ዓመት ሲያከብር ሄሪቴጅን በ1952ቱ ንድፍ አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የ1953ቱን፣ ከዚያም የ1954ቱን እያለ በተራ በመጓዝ በ2025 ወደ 1976ቱ ደርሷል። በ2006 የአለን ኤንድ ጊንተር ስም ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተነሥቶ፣ እንደ ጥንቱ ከስፖርት ውጭ ያሉ ሰዎችንም የያዘ ካርድ በቶፕስ ታተመበት፤ በ2011 ደግሞ ከጉድዊን ሲጋራዎች የአንዱ ስም የነበረው «ጂፕሲ ኩዊን» ተከተለ። ሲጋራ ይሸጥበት የነበረው ስም ካርድ ብቻ የሚሸጥበት ሆነ ማለት ነው።

የሄሪቴጅ አዘጋጆች ትጋት ጎልቶ የሚታየው ስህተትን በመቅዳት ላይ ነው። በ1958ቱ ካርዶች ከፊሉ ላይ የተጫዋቹ ወይም የቡድኑ ስም ከነጭ ይልቅ በቢጫ ወጥቶ ስለነበር በ2007 ቢጫ ፊደል ያለባቸው ካርዶች ተለክተው ገቡ፤ በ1962 የአንድ ክፍል ካርዶች በቀለም መዛባት አረንጓዴ አዝለው በመውጣታቸው በ2011 አረንጓዴው ሆን ተብሎ ተቀባ። በ1963 አራት ጀማሪዎች በአንድ ካርድ ላይ ታጭቀው በመውጣታቸው ታላቁ መቺ ፒት ሮዝ የመጀመሪያ ካርዱን ከሦስት ሌሎች ጋር የተጋራ ሲሆን፣ ሄሪቴጅም አዳዲስ ተጫዋቾችን እንዲሁ አጣምሮ ያወጣል። የቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ካርዶች ማነሳቸው በርገር ያልሸጠውን ክፍል የሚያስታውስ ነው፤ የሚያንጸባርቁት ልዩ ካርዶች የቅጂ ብዛትም ብዙ ጊዜ የዋናውን ዓመት አኃዝ እንዲመስል ይወሰናል። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በአንዳንድ ዓመታት ጀርባቸው ላይ የማስቲካ እድፍ የታተመባቸው ካርዶች መኖራቸው ነው። በድሮው እሽግ ማስቲካው ለረጅም ጊዜ ከካርዱ ጋር ተጣብቆ ሲቆይ የሚተወው ያ እድፍ የካርዱን ዋጋ የሚያጠፋ ነበር፤ በሄሪቴጅ ግን ማስቲካ በሌለበት የተቀባው እድፍ ካርዱን ከጓደኞቹ አስበልጦታል።

የጥንቱን ለንግድ መጠቀም ግን ቅርስን የሚጎዳ መልክም አለው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከማሊያና ከዱላ የተቆረጠ ቁራጭ በካርድ ውስጥ ማስገባት ሲለመድ፣ ዶንረስ የታላቁን ተጫዋች የቤብ ሩትን ማሊያ በ2003 ከሩብ ሚሊዮን ዶላር በላይ ገዝቶ ቆራርጦታል። ድርጊቱ ያኔም ተቃውሞ ገጥሞታል፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነበር፤ የወረቀት ስህተትን መቅዳት የሚጎዳው የለም፣ የተቆረጠ ማሊያ ግን አይመለስም።

በ2021 የቤዝቦል ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ የወደፊቱን የካርድ መብት ለፋናቲክስ ኩባንያ ለመስጠት ሲስማሙ መብቱ ከቶፕስ እጅ የሚወጣ ሆነ፤ ፋናቲክስም በጥር 2022 የቶፕስን የካርድ ሥራ በ500 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። ሄሪቴጅ ተራውን ይዞ ከቀጠለ በ2036 የእንጨት መልክ ያለውን የ1987ቱን ንድፍ ይደግማል። የ1987ቱ ካርድ ግን ማንም ያልጣለው፣ እናትም ያላጸዳችው ካርድ ነው፤ ያልተከፈተው ሳጥኑ ዛሬም በገበያ ላይ በቀላሉ ይገኛል፣ ከውስጡ የሚወጣው አብዛኛው ካርድም ከጥቂት ሳንቲም በላይ አያወጣም።